ፎጣውን የማይጫን እጅ

መኪና ማጠብ ብዙ ሰው ይችላል፤ አሳምሮ ማድረቅ የሚችለው ግን ጥቂት ነው። መኪናው በቅርቡ ሰም የተቀባ ከሆነ ደግሞ የሚችለው ሰው ቁጥር ከዚያም ያንሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ላቫጆ የሚመረጠው በአብዛኛው በአረፋው ብዛትና በፍጥነቱ ነው። እኔ ግን የአጣቢውን ሙያ የምለካው አረፋው ታጥቦ ከሄደ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ነው። ፎጣውን ከየት ያነሳል? እንዴት ያጥፈዋል? ላሜራውን ሲነካውስ ምን ያህል ይከብዳል? ሙያው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሰም የተቀባ ኮፈን ላይ ውሃ ተዘርግቶ አይተኛም፤ ተሰብስቦ ክብ ጠብታ ይሠራል። ጎመን ያጠበ ሰው ሁሉ ይህን አይቶታል፤ ቅጠሉ ላይ ያረፈው ውሃ ይንከባለላል እንጂ አያረጥበውም። ምክንያቱም አንድ ነው፣ ጎመኑም በተፈጥሮው ሰም ለብሷል። የመኪናውም ሰም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከቅጠል የተገኘ ነው። ካርናውባ የሚባለው የታወቀው ሰም በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ላይ፣ ቅጠሉ ደርቆ እየተመታ የሚራገፍ ነው። ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካልሞቀ አይቀልጥም፤ ጠንካራ ስለሆነም እንዲቀባ ከዘይትና ከማሟሟያ ጋር ይቀላቀላል።

ጠብታው ለዓይን ደስ ይላል፤ ለሚያደርቀው ሰው ግን ጣጣ አለው። ጠብታ ሲተን ውስጡ የነበረውን ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞት አይሄድም፤ እዚያው ይከማችና ነጭ ቀለበት ሆኖ ይቀራል። ውሃው የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ቀለበቱ ይበልጥ ይጎላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ አየሩ ደረቅ፣ ፀሐዩ ብርቱ ነውና ጥቁር ኮፈን ላይ ያረፈ ጠብታ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ጎበዝ አጣቢ ገና ውሃ ሳይከፍት መኪናውን ጥላ ውስጥ ያስገባዋል።

ማድረቅም የሚጀመረው በፎጣ አይደለም። ብዙ ጊዜ ቆሜ የማየው አንድ ልጅ አለ። የመጨረሻውን እጥበት የሚያደርገው የውሃውን ጎማ መርጫ አውልቆ፣ ግፊቱንም ቀንሶ ነው። የጎማውን አፍ ጣሪያው ላይ ጠጋ ያደርግና ውሃው ሳይፈነጣጠቅ፣ ሳይቆራረጥ ተያይዞ እንዲወርድ ይለቀዋል። የሚወርደው ውሃ ከፊቱ ያሉትን ጠብታዎች እየሰበሰበ ይዟቸው ይሄዳል። ከጣሪያው ወደ መስታወቱ፣ ከመስታወቱ ወደ ኮፈኑ፣ ከዚያ ወደ ጎኑ። ሰሙ ደህና ከሆነ አብዛኛው ውሃ ፎጣ ሳይነካው መሬት ይደርሳል። በግፊት የሚረጭ ሰው በአንጻሩ መኪናውን በሺህ ጠብታ ሸፍኖት ነው ወደ ፎጣ የሚሮጠው።

ከዚያ ፎጣውን ያነሳል። ሙሉ በሙሉ የደረቀ አይደለም፤ ቀድሞ ትንሽ አርጥቦ በደንብ ጨምቆታል፤ ትንሽ የረጠበ ፎጣ ውሃ ቶሎ ይስባልና። ሁለቱን ማዕዘን ይዞ ኮፈኑ ላይ ይዘረጋውና ለአፍታ ይተወዋል። ቀጥሎ በሁለት እጁ ጫፉን ብቻ ይዞ በቀስታ ወደ ራሱ ይስበዋል። መዳፉ ጨርቁ ላይ አያርፍም፤ ላሜራው ላይ ያለው ክብደት የፎጣው የራሱ ክብደት ብቻ ነው። በር ላይ ሲደርስ ስልቱን ይለውጣል። ፎጣውን አራት አጥፎ ያስጠጋዋል፣ ያነሳዋል፣ እንደገና ያስጠጋዋል። አያሽም። አንዱ ገጽ ሲርስ ወደ ደረቁ ይገለብጠዋል።

አንድ ቀን የቸኮለ ባለመኪና «ጨርስ እንጂ ወንድሜ፣ የቀረውን ፀሐይ ያደርቀዋል» አለው። ልጁ ቀና ሳይል «ጋሼ፣ ፀሐይማ ያደርቀዋል፤ ነጠብጣቡን ግን አያነሳልዎትም» ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም። በዘመናዊ መኪና ላይ ከቀለሙ በላይ ያለው አንጸባራቂ ሽፋን ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ከሰው ፀጉር ይቀጥናል። ሰሙ ደግሞ ከዚያ ሽፋን ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ከእጥበት የተረፈች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በሚጫን መዳፍ ስር ከገባች ሰሙን አልፋ ሽፋኑን ትጭረዋለች። ጥቁር መኪና ፀሐይ ላይ ሲቆም በብርሃኑ ዙሪያ የሚታየው ክብ ክብ ጭረት የተጠራቀመ የዚህ ዓይነት ጉዳት ነው። ጭረቶቹ በእውነት ክብ አይደሉም። ወደየአቅጣጫው የተበተኑ ናቸው፤ ብርሃኑ የሚያጎላው ለእሱ አግድም የሆኑትን ብቻ ስለሆነ ነው ክብ የሚመስሉት። ቀድሞ ለማድረቂያ የሚመረጠው በዓሣ ዘይት የለፋ የበግ ቆዳ ነበር። ውሃ መምጠጡ አይታማም፤ ነገር ግን ገጹ ልሙጥ ስለሆነ ቅንጣቷ የምትገባበት የለውም፤ ቆዳውና ቀለሙ መካከል ትቀራለች።

የዛሬው ፎጣ የሚሠራበት ማይክሮፋይበር የተሻለው በዚህ ነው። በጣም የቀጠነ ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ 9,000 ሜትሩ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። በፈረንጆች 1970 የጃፓኑ ቶሬይ ኩባንያ ተመራማሪ ሚዮሺ ኦካሞቶ ከእንዲህ ያለ ክር የተሠራ ሰው ሠራሽ ሱዊድ ካወጣ ወዲህ የክሩ አገልግሎት እየሰፋ ሄደ። ለፎጣ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ የፖሊስተርና የናይለን ጥምር ሆኖ ይፈተልና ወደ ቀጫጭን ሰበዞች ይሰነጠቃል። ውሃው የሚሳበው በሰበዞቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው፤ ረጅም ጸጉር ያለው ፎጣ ከሆነ ደግሞ ቅንጣቷ ከቀለሙ ርቃ ወደ ውስጥ ትገባለች።

ልጁን ከሁሉ በላይ የማደንቅለት ግን መኪናው ከሄደ በኋላ ለፎጣው የሚሰጠውን እንክብካቤ ነው። አዲስ ሰም የተቀባ መኪና ላይ የዋለ ፎጣ ውሃ ብቻ ይዞ አይመለስም፤ በደንብ ያልተወለወለ የሰም ትርፍ ካለ እሱንም ይጠርጋል። ይህ እየተደጋገመ ሲሄድ ክሩ ራሱ ሰም ይለብሳል። ልጁ የሚፈትሸው ቀላል በሆነ መንገድ ነው። በጣቱ ጥቂት ውሃ ያንጠባጥብበታል። ውሃው ወዲያው ከሰረገ ፎጣው ጤነኛ ነው። ላዩ ላይ ክብ ሆኖ ከቆመ ግን ፎጣው እንደ ኮፈኑ ውሃ መግፋት ጀምሯል ማለት ነውና ያን ቀን መኪና አይነካም፤ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ተዘፍዝፎ ያድራል።

ዱቄት ሳሙና አይወድም፤ ያልሟሟ ፍሬ ክሩ ውስጥ ይቀራል ይላል። በረኪና ናይለኑን ስለሚጎዳ አያስጠጋውም። ልብስ ማለስለሻም እንዲሁ፤ ማለስለሻው ሥራውን የሚሠራው ክሩ ላይ ስስ ቅባታማ ሽፋን በመተው ነው፤ ያ ሽፋን ደግሞ ክሩን ውሃ እንዳይጠጣ ያደርገዋል። በእጅ ሲነካ ደስ የሚል፣ መኪና ላይ ግን ውሃውን ከወዲያ ወዲህ የሚገፋ ፎጣ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ከጥጥ ልብስ ጋርም አያጥበውም፤ ጥጡ የሚያራግፈውን ብናኝ ማይክሮፋይበር አንዴ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም። ካውያና ብርቱ ሙቀት የፕላስቲኩን ክር ጫፍ ስለሚያጠነክሩት ፎጣው የሚሰጣው ጥላ ውስጥ ነው። ገመዱም የተዘረጋው ከጓሮ ነው፤ የመንገዱ አቧራ አይደርስበትም። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይታጠፍም፤ ይሻግታል። ሲደርቅ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ይገባል። አዲስ የተገዛ ፎጣ መጀመሪያ ይታጠባል፤ ጠርዙ ላይ ያለችው ጠንካራ ምልክትም በመቀስ ትነሳለች።

መሬት የወደቀ ፎጣ ለዚያ ቀን አበቃለት። አራግፎ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ይህን ሕግ አዲስ የገባ ረዳት ሲጥስ ካየ ልጁ አይቆጣም፤ ፎጣውን ተቀብሎ ወደ እጣቢው ባልዲ ይጥለዋል፣ ሌላ ያቀብለዋል።

የመኪናው ገጽ ከደረቀ በኋላም ሥራው አላለቀም። ስፖኪዮው ሥር፣ የበሩ እጀታ ውስጥ፣ የታርጋው ጀርባ፣ የነዳጁ ክዳን ዙሪያ የተደበቀ ውሃ አለ። መኪናው ሲነሳ ወጥቶ በደረቀው በር ላይ መስመር ይሠራል። ልጁ በሮቹን ከፍቶ ይዘጋል፣ ስፖኪዮዎቹን ያጥፋል፣ ይመልሳል፣ በትንሽ ፎጣ ዳር ዳሩን ይጠራርጋል። ትንሹ ፎጣ ጠርዙ ላይ ቀይ ክር አለበት፤ ለበር ጠርዝና ለጥጋጥግ ብቻ መሆኑን የሚያውቀው በዚህ ነው። የመኪናውን ገጽ የሚያደርቀው ፎጣ ጸጉሩ ሲሳሳ ቀይ ክር ይሰፋለትና ወደዚህ ሥራ ይወርዳል፤ ከዚህም ሲያረጅ ጥቁር ክር ተሰፍቶለት ወደ ቸርኬው ይሄዳል። ከቸርኬ ወደ ላይ የሚመለስ ፎጣ ግን የለም፣ ምንም ያህል ነጭ ሆኖ ቢታጠብ።