ሦስቱ የራጅ መጻሕፍት ከዓባይ ማዶ ሲነበቡ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 እና በ1986 ሦስት ትናንሽ መጻሕፍትን አሳትሟል። አንደኛው ስለ ጨለማ ክፍል ሥራ፣ ሁለተኛው ስለ ራጅ አነሣሥ፣ ሦስተኛው ስለ ራጅ ንባብ ያስተምራሉ። በሦስቱም ዝግጅት ፓልመር የተባሉት የራዲዮሎጂ ሐኪም ተሳትፈዋል። የተጻፉት የራዲዮሎጂ ስፔሻሊስት ለሌለባቸው አነስተኛ ሆስፒታሎች ነው። የሕክምና ምስል ሙያን ለጀማሪ ለማስተዋወቅ ዛሬም መልካም መነሻ ናቸው። ይሁን እንጂ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ሆኖ ለሚያነብባቸው የጤና ባለሙያ ጥንካሬያቸውም ጉድለታቸውም ጎልቶ ይታየዋል።

ጥንካሬያቸው የድሃ አገርን ሆስፒታል በሚገባ ማወቃቸው ነው። መጻሕፍቱ የታሰቡለት መሣሪያ የኤሌክትሪክ መቆራረጥን ለመቋቋም ኃይልን በባትሪ ያከማቻል፤ የራጅ ቱቦውንና የፊልም መያዣውን በአንድ ክንድ አያይዞ ርቀቱን በ140 ሴንቲ ሜትር ይወስናል። ስሕተት የሚገባበትን በር አስቀድሞ መዝጋት ማለት ይኸው ነው። ስለ አነሣሥ የሚያስተምረውም መጽሐፍ የታካሚውን አቋቋምና አተኛኘት በሥዕል እያሳየ ይመራል።

የመጀመሪያው ጉድለት ሥራውን በሦስት መጻሕፍት ከፍሎ ማቅረቡ ነው። አንሺው የአንሺውን፣ ሐኪሙ የንባቡን መጽሐፍ ይዞ ይቀመጣል፤ ሁለቱን ስለሚያገናኘው የመጠየቂያ ወረቀት ግን ራሱን የቻለ መጽሐፍ አልተጻፈም። አንዲት እናት ከዓባይ ማዶ ተነሥታ፣ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን ድልድይ ተሻግራ ወደ ራጅ ክፍል ደረሰች እንበል። በወረቀቷ ላይ «የደረት ራጅ» ከሚል በቀር ሌላ ቃል የለም። ስንት ሳምንት እንደሳለች፣ ነፍሰ ጡር መሆን አለመሆኗ፣ የሚፈለገው ምን እንደሆነ አልተገለጸም። ወረቀቱን ባዶ የላከ ሐኪም የምስሉ ንባብ ጎደሎ ሆኖ ቢመለስለት ሊደነቅ አይገባውም።

ሁለተኛውን ጉድለት ያመጣው ዘመኑ ነው። ዲጂታል ራጅ በገባበት ቦታ ሁሉ የጨለማ ክፍሉ መጽሐፍ ያረጀ ይመስላል። ነገር ግን ፊልም አንድ ትልቅ ቁም ነገር ያስተምር ነበር፤ ጨረራው ሲበዛ ይጠቁራል፣ ሲያንስ ይነጣል፤ አንሺውም ጥፋቱን ወዲያው ያያል። በዲጂታሉ ግን ኮምፒውተሩ ምስሉን አስተካክሎ ስለሚያሳይ ከመጠን ያለፈ ጨረራ ምስሉን ያጠራዋል እንጂ አያበላሸውም። ስሕተቱ ከዓይን ይሰወራል፤ ታካሚው ግን ያላስፈለገውን ጨረራ ተቀብሎ ይሄዳል። ስለዚህ መሣሪያው የሚያወጣውን የጨረራ መጠን አመልካች ቁጥር በየጊዜው መመርመርና ተበላሽተው የተደገሙ ምስሎችን ከነምክንያታቸው መመዝገብ የጨለማ ክፍሉን ሥነ ሥርዓት የሚተካ ግዴታ ነው። ኢትዮጵያ በ2009 ዓ.ም. ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 1025 የጨረራን ሥራ በሕግ ብታስርም፣ አዋጅ በየቀኑ ከራጅ ጠረጴዛው አጠገብ ሊቆም አይችልም። በዚያ የሚቆመው ባለሙያው ነው።

ይህ ባለሙያ በሕዝቡ ዘንድ «ራጅ አንሺ» ይባላል። ስሙ ከፎቶ አንሺ ጋር ያመሳስለዋል፤ የሚያሳዝነው ብዙ ሐኪሞችም እንዲሁ ማየታቸው ነው። ሆኖም ታካሚው አየር በሙሉ ስቦ መያዙን፣ የሁለቱ ክላቪክሎች ጫፍ ከአከርካሪው መሐል እኩል መራቁን፣ ስካፑላዎቹ ከሳንባው ላይ ገለል ማለታቸውን የሚያረጋግጠው እርሱ ነው። አየር በቅጡ ሳይሳብ የተነሣ የደረት ራጅ ጤነኛውን ልብ ያበጠ፣ ጤነኛውንም ሳንባ በኒሞኒያ የተያዘ ሊያስመስል ይችላል። በዚህም ምክንያት ሕመም የሌለበት ሰው መድኃኒት ሊውጥ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የሳንባ ነቀርሳ ልየታ የደረት ራጅን በኮምፒውተር ማስነበብ እንደሚቻል መክሯል። ይህ አንባቢ ለጎደለበት ሆስፒታል ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ኮምፒውተሩም የሚያነበው የተሰጠውን ምስል ነው፤ ታካሚዋን ቀና አድርጎ አያቆማት፣ «እርጉዝ ነሽ ወይ?» ብሎም አይጠይቃት። እንግዲህ አራተኛ መጽሐፍ የሚጻፍ ከሆነ ሐኪሙንና አንሺውን በአንድ ገበታ የሚያስቀምጥ ሊሆን ይገባዋል። እስከዚያው ድረስ ሐኪሙ በመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ቢጨምር፣ ራጅ ክፍል ድረስ ሄዶም የሥራ ባልደረባውን ቢያማክር የዚያን መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ እንደጀመረ ይቆጠራል።