ሉሪያ የጻፈው የገበሬዎች መልስ

የሶቭየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ አሌክሳንደር ሉሪያ በ1931 እና 1932 እ.ኤ.አ. በኡዝቤኪስታንና በኪርጊዝ መንደሮች ያካሄደው ጥናት በመጽሐፍ የወጣው በ1974 ነው። ወቅቱ እርሻው ወደ ጋራ ይዞታ የሚዞርበት፣ የመሠረተ ትምህርት ክፍሎችም የሚከፈቱበት ነበር። የመጽሐፉ ትልቁ ጸጋ ገበሬዎቹ የተናገሩትን በሰንጠረዥ ጨምቆ አለማለፉ ነው፤ ምልልሱ በሰፊው ሰፍሯል። መዶሻ፣ መጋዝ፣ ግንድና መጥረቢያ ተስለው የማይዛመደውን እንዲለዩ ሲጠየቁ፣ ፊደል ያልቆጠሩት ግንዱን ማውጣት አይዋጥላቸውም፤ ግንድ ከሌለ መጋዙ ምን ሊቆርጥ ነው? በረዷማው ሩቅ ሰሜን ያለ ድብ ሁሉ ነጭ ነው ተብለው፣ እዚያ ስላለ የአንድ ቦታ ድብ ሲጠየቁም ብዙዎቹ ስላላዩት ነገር አፋቸውን ሞልተው መናገር አይሹም። (ጨዋ መልስ ነው።) ጥቂት የተማሩት ግን ሳይቸገሩ ይመልሳሉ።

ሉሪያ ልዩነቱን እንደ አስተሳሰብ ዕድገት ደረጃ መተርጎሙ በኋላ ተተችቷል፤ ትችቱም ተገቢ ነው። ሲልቪያ ስክሪብነርና ማይክል ኮል በ1981 ባሳተሙት የላይቤሪያ ቫይ ሕዝብ ጥናት፣ እንዲህ ዓይነቱን ለውጥ ይበልጥ የሚያመጣው ማንበብና መጻፍ ብቻውን ሳይሆን የትምህርት ቤት ልምድ መሆኑን አሳይተዋል። መልሶቹ ተከርክመው ቢታተሙ ኖሮ ለዚህ ክርክር የሚሆን ማስረጃ አብሮ በጠፋ ነበር። የሉሪያን መጽሐፍ የእንግሊዝኛ ትርጉም በ1976 ያሰናዳውም ይኸው ኮል ነው።