ባለቀለበት ፊደላት ምን ይላሉ?

ከጨለለቅቱም ሆነ ከዲላ ለመጣን ተማሪዎች፣ የማይነበብ ምልክት እንግዳ ነገር አይደለም። የቱቱ ፈላን ትክል ድንጋዮች ቅርጽ እያየን «ይህስ ምን ይላል?» ማለት የተለመደ ነው። ይኸው ጥያቄ ወደ ብራና ክታብ ሲዞር ግን ያሳስታል እንላለን።

በክታቡ ላይ፣ ከጸሎቱ መሃል፣ ጫፎቻቸው በትናንሽ ክብ የሚያልቁ ምልክቶች ተደርድረዋል። ዓይን የበዛባቸው ሥዕሎችም፣ ማለት ጠልሰሞች፣ አሉ። አንዳንድ ጓደኞቻችን ቁልፉ ቢገኝ የጥንት ሕክምና ምስጢር ይዘረገፋል ባዮች ናቸው። በዬል ዩኒቨርሲቲ ያለው የቮይኒች መጽሐፍ፣ ብራናው እ.ኤ.አ. ከ1404 እስከ 1438 ባለው ጊዜ የተዘጋጀ፣ እስከ ዛሬ አልተፈታምና የእኛንም ከእሱ ጋር ያቆራኙታል። ይህ ንጽጽር አልተዋጠልንም። በእኛ ክታብ ጸሎቱ በግዕዝ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፤ ሾተላይ፣ ባርያ፣ ዓይነ ጥላ፣ ሌጌዎን በየስማቸው ይገሠጻሉ፤ የሱስንዮስና የውርዝልያ ታሪክ ይተረካል። ደብተራው ምን እንደፈለገ አልደበቀም እኮ! ባለቀለበቶቹ ምልክቶችም ቢሆኑ ዘመዶቻቸው በግሪክኛ በተጻፉ የግብፅ የአስማት ፓፒረሶች ላይ ይገኛሉ፤ ዐረቡም አይሁዱም ተጠቅሞባቸዋል። የአንድ ደብተራ የግል ምስጢር ናቸው ማለት አያስኬድም።

ዣክ መርሲዬ፣ ስለ ክታቦቻችን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው ፈረንሳዊ፣ የተሻለ ፍች አለው። ጠልሰም የሚታይ ነገር ነው ይላል፤ በሕመምተኛዋ ዓይን የሚያየው ጋኔን ሥዕሉን ሲያይ ደንግጦ ይሸሻል። የፈጠጡት ዓይኖች በዚህ ይገቡናል። ነገር ግን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውስ ይታይ፤ ተጠቅልሎ፣ በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ማን ያየዋል? መርሲዬ እዚህ ላይ አላጠገበንም። ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚዘጋጅበት ልማድ አለ፤ የክርስትና ስምም በጸሎቱ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ምልክቱ ከገላዋ ጋር መዋሉና ማደሩ፣ ከስሟ ጎን መሆኑ፣ የመታየቱን ያህል ሳይከብድ አይቀርም።

ያ ስም ብዙ ጊዜ የሴት ስም ነው። ሾተላይ የሚባረረው ፅንስ እንዳይጨነግፍ፣ ሕፃን እንዳይሞት ነው። ምስጢር አዳኙ ተማሪ ቀለበት ሲቆጥር ይህችን ሴት ዘሏት ያልፋል። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ደግሞ የፊተኛዋ ስም ተፍቆ፣ በዚያው ቦታ የአዲሱ ባለቤት ስም ይገባል፤ ፍቀቱ ብራናው ላይ ሻክሮ ይታያል።