አንተስ የማን ልጅ ነህ?

እስራኤል ውስጥ በምሠራበት ዩኒቨርሲቲ፣ የቢሮዬ በር ላይ በዕብራይስጥ የተለጠፈው ወረቀት «የኢትዮጵያ ተወላጅ ተማሪዎች አስተባባሪ» ይላል። በቅጥር ውሌ የተዘረዘረው ሥራ የትምህርት ድጎማ፣ የማጠናከሪያ ትምህርትና የማደሪያ ጉዳይ ነው። በየሠርጉና በየለቅሶው የሚያገኙኝ እናቶች ግን አንድም ቀን «ልጄ ምን ያህል ማርክ አመጣ?» ብለውኝ አያውቁም። «ሰንበት ያከብራል? ቄሶቹን ይጠይቃል?» ነው የሚሉኝ፤ ቄስ የምንለው የቤተ እስራኤልን፣ የኢትዮጵያ አይሁድን፣ የሃይማኖት አባት ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የለፋሁት በአብዛኛው ውሉ ላይ ላልሰፈረው ለዚህኛው ሥራ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ሥራ የታወቀ ሙያ ነው። ሂሌል የተባለው የአይሁድ ተማሪዎች ድርጅት በ1923 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመሥርቶ ብዙ ግቢዎችን አዳርሷል። የዚያ አገር ሥጋት ተማሪው በሌላው ሕዝብ መሀል ተውጦ እንዳይቀር ነው። እኛ ጋ ዙሪያው ሁሉ አይሁድ ነው። ምግቡ ኮሸር ነው፤ በዮም ኪፑር መንገዱ ጭር ይላል፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ስለሚቆም ቤተሰቡ ዘንድ ሊያድር የፈለገ በጊዜ መውጣት አለበት። ልጁ አይሁድነቱ አይጠፋበትም። የሚጠፋበት የአያቱ አይሁድነት ነው።

ይህን ያስተዋልኩት በምግብ ማሞቂያ ነው። እዚህ አገር ከዓርብ ጀምሮ ተሰክቶ የሚያድር የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፤ ፕላታ ይሉታል። ረቢዎች በወሰኑት አኳኋን ምግብ ላዩ ላይ አቆይቶ በሰንበት ትኩስ መብላት ይፈቀዳል። ጎንደር ውስጥ ግን ቤተ እስራኤል ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱን ያጠፋና በማግስቱ ቀዝቃዛውን ይበላ ነበር። አንድ የምህንድስና ተማሪ ሰኞ ጠዋት ተናድዶ መጣ። የአያቱን ወጥ ፕላታው ላይ ቢጥድላት አልቀምስም ብላ ጦሟን ዋለች። እሱ በሃይማኖታዊ አዳሪ ትምህርት ቤት ያደገ ነውና ምዕራፍና ቁጥር ጠቅሶ አስረዳት። እሷም «ረቢዎቹ ፈቅደውልህ ይሆናል፤ ለእኔ ኦሪት አልፈቀደችልኝም» አለችው። ልጁ አያቱ ሃይማኖት የማታውቅ መሰለችው። እኔ ደግሞ ከሁለቱ ሰንበትን የጠበቀው ማን እንደሆነ ስጠይቀው ዝም አለ።

ይህ ጠብ የአንድ ቤት ጠብ አይደለም። በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል የመጡት ልጆች በብዛት የገቡት ወደ እንዲህ ዓይነት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነው። አባቶቻችን ያልደረሳቸውን የረቢዎች ትምህርት፣ ታልሙድን፣ እዚያ ተማሩ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ያልነበረውን የሐኑካ በዓል አከበሩ። ቤታቸው ሲመለሱ አባት የሚያውቀው ጾመ አስቴርና ትእዛዘ ሰንበት የተባለው መጽሐፍ ከትምህርቱ ውጭ ሆኖ ቀረ። በ1973 ከእስራኤል ዋና ረቢዎች አንዱ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ ሕዝባችን ከነገደ ዳን የመጣ አይሁድ መሆኑን ቢያረጋግጡም፣ ከዓመታት በኋላ ለመጡት «በውኃ ንጹ» የሚል ጥያቄ ከረቢዎቹ ቀረበ፤ በ1985 ወላጆቻችን ኢየሩሳሌም ላይ ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። ያን ጊዜ አደባባይ የተቀመጡት ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው ዛሬ ቢሮዬ የሚመጡት። ታሪኩን ብዙዎቹ ከእኔ ይሰሙታል፤ አያቶቻቸው ስለ ውርደት ማውራት አይወዱም።

ስሕተቴንም ልናገር። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ የተከበሩ ቄስ ጋብዤ ትልቁን አዳራሽ አስፈቀድኩ። ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ሃያ ደቂቃ ንግግር፣ ሃያ ደቂቃ ጥያቄ። ቄሱ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ጭራቸውን ይዘው መጡ። በግእዝ ጸሎት ጀመሩ፤ ወደ አማርኛ ሲሻገሩ እኔ ወደ ዕብራይስጥ እመልሳለሁ። ሃያው ደቂቃ ሲያልቅ ገና ከአብርሃም ድንኳን አልወጡም ነበር። ሰዓት ያዡ ወረቀት አሳያቸው፤ እሳቸው ምስጋና መስሏቸው እጅ ነሡ።

ከዚያ አንድ የታሪክ ተማሪ ተነሣ። ተመራማሪዎች ስለ አመጣጣችን ሌላ ሌላ ነገር ይላሉ፤ የዳንን ነገር እርስዎ በምን ያውቃሉ? አለ። ጥያቄው ነውር የለበትም፤ ሴሚናር ላይ ቢሆን ያስመሰግነዋል። ቄሱ ትንሽ ዝም ብለው አዩትና «ልጄ፣ አንተስ የማን ልጅ ነህ?» አሉት። እኔም ቃል በቃል ወደ ዕብራይስጥ መለስኩት። በዕብራይስጥ ሲወጣ «አንተ ማን ነኝ ብለህ ነው?» የሚል ቃና ያዘ። አዳራሹ ሳቀ። ልጁ ፊቱ ቀልቶ ተቀመጠ፤ ቄሱ ሰዎቹ ለምን እንደሳቁ አልገባቸውም። ያ ልጅ ተመርቆ እስኪወጣ ድረስ ወደ ቢሮዬ ተመልሶ አልመጣም።

ቄሱ ከጥያቄው አልሸሹም ነበር። ለሳቸው የአባቱን ስም፣ የመጣበትን መንደር ሳያውቁ ለሰው ትልቅ ነገር መመለስ ለማያውቁት ሰው ዕቃ እንደማስረከብ ነው። አምቦበር ነው ወይስ ወገራ? አያቱን አውቃቸዋለሁ? ከዚያ በኋላ ነው መልሱ የሚመጣው። እኔ መተርጎም የነበረብኝ ይህን ሁሉ ነበር፤ የተረጎምኩት አራት ቃል ነው።

ከዚያ ወዲህ ቄስ ወደ አዳራሽ አላመጣም። ተማሪዎቹን ይዤ እሄዳለሁ። ከአራት አይበልጡም፤ መኪናዬ የምትይዘው ያንኑ ነው፤ ደግሞም አምስተኛው ስልኩን ማየት ይጀምራል። መንገድ ላይ እያንዳንዳቸው የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም፣ የወላጆቻቸውን መንደር እናታቸው ጋ ደውለው እንዲያጣሩ አደርጋለሁ። ስንደርስ አስቀድመው የሚናገሩት እሱን ነው። ቡናው ይፈላል። እስከ አቦል እኔ እተረጉማለሁ። ቶና ሲቀዳ አፌን እዘጋለሁ። ልጆቹ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አይናገሩም፤ አስተርጓሚ ካለ ደግሞ መስማቱንም ይተዉታል። መጀመሪያ ላይ ዝምታው ያስጨንቃል። አንዷ «ሕም… እርስዎ… በሱዳን… በእግር?» ስትል ቄሱ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ሰባት ሌሊት የሄዱበትን መንገድ በጣታቸው ምንጣፉ ላይ ይሥሉላታል። ሌላው ጥያቄ፣ የዳንም ይሁን የረቢዎቹ፣ በረካ ላይ ይመጣል። መልሱ ሁልጊዜ አያረካም፤ ልጆቹ ግን ተመልሰው እንሂድ ይላሉ።

የጾምና የጸሎት በዓላችን ስግድ ለየት ያለ ችግር አለው። ከዮም ኪፑር በኋላ በሃምሳኛው ቀን፣ በዕብራውያን ወር በሔሽቫን 29 ስለሚውል ትምህርት ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ ይደርሳል፤ ላብራቶሪ አለ፣ የመጀመሪያ ፈተና አለ። የእስራኤል ምክር ቤት፣ ክኔሴት፣ በ2008 ብሔራዊ በዓል ብሎ ቢያውጀውም ስሙን ከእኔ ደብዳቤ የሚሰማ መምህር ዛሬም አይጠፋም። ኢየሩሳሌም፣ አርሞን ሐናጺቭ ላይ ቄሶቹ ባለ ቀለም ጃንጥላ ተይዞላቸው ኦሪቱን ሲያነቡ፣ ወጣቱ ዳር ዳር ቆሞ ከሠራዊት ጓደኛው ጋር ይጨዋወታል። ድሮ እየዞርኩ እቆጣ ነበር። አሁን ሥራ አከፋፍላለሁ፤ ሁለቱ አሮጊቶቹን ከአውቶቡስ እስከ ቦታው ደግፈው ያደርሳሉ፣ ሁለቱ ጃንጥላ ይይዛሉ፣ የቀሩት ጾሙ ሲፈታ ዳቦ ያድላሉ። ጃንጥላ የያዘ ልጅ ዳር ላይ መቆም አይችልም። የፖለቲከኞቹ ንግግር ሲጀመር ግን ዞር ብለው ቢያወሩ አልፈርድባቸውም።

ሆኖም ከጉዞውም ከስግዱም ይልቅ ልጆቹን ወደ ሽማግሌዎቹ የሚያመጣቸው ፍቅር ነው። ቤተ እስራኤል እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘመድ አያገባም። ጎንደር ሳለን ሁሉም በየመንደሩ ተዋውቆ ስለሚኖር ማን ከማን እንደሚገጥም ገና በልጅነት ይታወቅ ነበር። እዚህ አንዱ ኔታንያ አንዱ ኪርያት ማላኪ አድጎ፣ የአባቱ ስም በዕብራይስጥ ተለውጦ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይተዋወቃሉ። ቁጥሩ አራተኛው ቤት ላይ ገጥሞ አልቅሰው የተለያዩ አውቃለሁ። «ይህ የሳይንስ ዘመን ነው» ብለው የተጋቡና እናት ሠርጋቸው ላይ ያልተገኘችባቸውም አውቃለሁ። በዚህ ነገር ላይ ምክር አልሰጥም። የማደርገው ስልክ ቁጥር መስጠት ብቻ ነው።

ያለፈው ክረምት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተማሪ በሩን ዘግተው ተቀመጡ። ልጁ እግሩን ያንቀጠቅጣል። አንድ ሽማግሌ ጋ ደወልኩና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ድምፁን ከፍቼ አስቀመጥኩት። ሽማግሌው ከሁሉ በፊት «አንተስ የማን ልጅ ነህ?» አሉ። አልተረጎምኩም። ልጁ በተሰባበረ አማርኛ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን ተናገረ፤ እዚያ ላይ አለቀበት። ሽማግሌው ተቀብለው ወደ ላይ ቀጠሉ። ስም፣ ከስሙ ጋር መንደር፣ ከመንደሩ ጋር የሰውየው ሙያ፤ ይኸኛው ቀጥቃጭ ነበር፣ ያኛው ሸማኔ። ልጁ የስታቲስቲክስ ደብተሩን ገልብጦ በዕብራይስጥ ፊደል እየጻፈ ነው። ልጅቷ የራሷን ስትጀምር ሽማግሌው አምስተኛው ላይ አቆሙ።

«ይህችኛዋ ሴት ከየት እንዳገባች ወንድሜ ነው የሚያውቀው። ደግሞ እንዲህ ያለው ነገር በስልክ አይቆጠርም። እሑድ ኑ፤ እሱንም አስጠራዋለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ልጁ ደብተሩ ላይ እንዳቀረቀረ ነው። ልጅቷ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ከቢሮዬ ደጃፍ ጀምሮ ሲነገር ከነበረው ዕብራይስጥ ወጥታ፣ በአማርኛ ጠየቀችኝ።

«ባዶ እጅ አይኬድም፣ አይደል? ምን ይዘን እንሂድ?»

ቡናና ስኳር አልኳት።