ሃያ አራቱ የዓይን ሐኪሞች

«ጋሼ፣ የቱን ሐ ልጻፍ?»

አዲሷ ባልደረባችን ለአንድ የዓይን ክሊኒክ ድረ ገጽ ርዕስ እያወጣች ነበር። «የዓይን ሐኪም» የሚለውን በምታውቀው አጻጻፍ ሁሉ ሰዎች አንድን ቃል ምን ያህል እንደሚፈልጉ የሚገምተው የኪወርድ መሣሪያ ላይ እያስገባች ሞክራለች፤ መሣሪያው ለሁሉም ዜሮ ብሎ መልሶላታል። ከዜሮዎቹ የትኛውን እንደምትመርጥ ግራ ገብቷት ነው ወደ እኔ የመጣችው።

ጥያቄዋን ወደድኩት። አዲስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚመጣው «ስንት ሊንክ ልግዛ?» ወይም «በስንት ሳምንት የጉግል የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንወጣለን?» የሚል ነው። እነዚህን ሻይ ጠጥቼ አሳልፋቸዋለሁ። የሐ ጥያቄ ግን ሥራ ያስፈታኛል። ቤተሰቤም ባልደረቦቼም ያውቁታል፤ አንዴ ከጀመርኩ የሚያስቆመኝ የለም።

እስቲ እንቁጠር። አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ፤ አራት። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፤ ስድስት። «የዓይን ሐኪም» እንግዲህ አነባበቡ ሳይለወጥ በ24 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ለጆሯችን ሁሉም አንድ ነው። ኮምፒውተሩ ጋ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ሀ እና ሐ ለእሱ ዘመድ አይደሉም። መፈለጊያው ይህን ልዩነት ይሻገረዋል ብሎ የሚተማመን ካለ ሁለት አጻጻፎችን ጎን ለጎን ፈልጎ ይመልከት፤ የውጤቱ ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ አንድ አይሆንም። በዚያ ላይ የእኛ ቃል ብቻውን አይሄድም፤ የ፣ ለ፣ በ፣ ከ እና ስለ ከፊቱ ይለጠፉበታል፣ «ዎች» እና «ኦች» ከኋላ ይቀጠሉበታል። ርቢውን ከጨመርንበት ሂሳቡን ልተወው።

ዜሮውን በተመለከተ ለእሷ የነገርኳትን እዚህም እደግመዋለሁ። በገንዘብ የምንገዛቸው የኪወርድ መሣሪያዎች ስለ አማርኛ ያላቸው መረጃ በጣም ቀጭን ነው። የእነሱ ዜሮ «ማንም አይፈልግም» ማለት ሳይሆን «አልለካነውም» ማለት ነው። የጉግል ሰርች ኮንሶል እንኳ፣ የገዛ ገጻችንን መረጃ የሚያሳየን እሱ፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ የጻፉትን ጥያቄ ማንነት ለመጠበቅ ሲል ከዝርዝሩ ያወጣዋል። ይህ ደንብ አማርኛን በተለየ ይጎዳል። በሌላ ቋንቋ አንድ ላይ ተደምሮ የሚታየው ጥያቄ በእኛ ቤት በአምስት በስድስት አጻጻፍ ተበታትኖ እያንዳንዱ ለመታየት ከሚያስፈልገው ቁጥር በታች ይቀራል። ዝርዝሩን ደምራችሁ ከላይ ካለው ድምር ጋር አልገጥም ሲላችሁ የጎደሉት እነዚያ ናቸው። እኔ ሥራዬን ከዚያ ጉድለት ነው የምጀምረው።

አንድ የሙያ ባልደረባ አለኝ፤ ጎበዝ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ግን ለዓመታት አልተስማማንም። የእሱ ዘዴ ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ አጻጻፍ አንድ ገጽ። አንዱ ገጽ «የአይን ሀኪም» ይላል፣ ሌላው «የዓይን ሐኪም»፣ ሌላው «የዐይን ሃኪም»። ዱሮ እጁ እስኪዝል ይገለብጥ ነበር፤ ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ 24ቱንም ይጽፍለታል። ክርክሩ ይህ ነው፦ «ማሽኑ ፊደል ከለየ፣ ለማሽኑ እንደ አመሉ እንስጠው።» አንዳንዴ ይሠራለታል፤ አልክድም። ለተወሰኑ ሳምንታት ይወጣል፤ ደንበኛው ደስ ይለዋል፤ ሒሳቡም ይከፈላል።

ይህ መንገድ አዲስ አይደለም፤ በሌሎች አገሮች ገና ዱሮ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2006 የቢኤምደብሊው የጀርመን ድረ ገጽ ለማሽኑ ብቻ የተዘጋጁ መግቢያ ገጾችን ሠርቶ ተገኘና ከጉግል ውጤት ተሰረዘ። በ2011 የአሜሪካው የመደብር ኩባንያ ጄሲ ፔኒ በተገዙ ሊንኮች ከላይ ወጥቶ ከርሞ፣ ኒውዮርክ ታይምስ ጉዳዩን ሲጽፈው ወደ ታች ወረደ። በ2012 እንዲህ ያለውን ሊንክ የሚቀጣው፣ ፔንግዊን የተባለው የጉግል ለውጥ መጣ፤ በመጋቢት 2024 ደግሞ ደረጃ ለማግኘት ብቻ በጅምላ የሚፈበረክ ጽሑፍን የሚከለክል የጉግል ደንብ ወጣ፤ ሰው ጻፈው ማሽን ልዩነት የለውም። ይህን ሁሉ ስዘረዝርለት ወዳጄ ማኪያቶውን እያማሰለ «እኛ ጋ እስኪደርስ ጊዜ አለው» ይለኛል።

የእኔ ተቃውሞ ግን ከቅጣት ፍርሃት የመጣ አይደለም። ጉግል ነገ ቅጣቱን ቢያነሳ እንኳ 24 ገጽ አልሠራም። ከ24ቱ አንዱም በቂ ሆኖ አይጻፍማ! የዶክተሩ ዕውቀት፣ የታካሚው ጥያቄ፣ ሌሎች የሚያያይዙት ሊንክ፣ ሁሉም አንድ ቦታ መከማቸት ሲገባው ለ24 ይካፈላል። ደግሞም «ኣይን ኀኪም» የሚል ርዕስ ያየ ሰው ዓይኑን ለዚያ ቤት አሳልፎ የሚሰጥ አይመስለኝም። አጻጻፎቹን ሁሉ ከገጹ ግርጌ ነጭ ላይ በነጭ ፊደል የሚደብቁትማ አሉ። ጉግል የኪወርድ ሜታ ታግን፣ ከገጹ ኮድ ውስጥ የሚጻፈውን የቃላት ዝርዝር፣ ለደረጃ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 በይፋ ተናግሮ ሳለ፣ እዚህ አዲስ አበባ ዛሬም ሃያ ቃል ታጭቆበት እንደ ትልቅ ሥራ የሚሸጥበት ቤት አለ። ይለፈን።

እኔ የምሠራው አንድ ገጽ ነው። ርዕሱ ላይ ሰው አዘውትሮ የሚጽፈውን አጻጻፍ አኖራለሁ። የገጹን ሐተታ ቤቱ በመረጠው ሥርዓት አስጽፋለሁ፤ ክሊኒኩ «ዐይን» ካለ «ዐይን»። የተቀሩት አጻጻፎች ሰዎች ራሳቸው በሚናገሩበት ቦታ ይገባሉ፤ በታካሚ ጥያቄ፣ በአስተያየት፣ በአካባቢ ስም። ሌላ ምሥጢር የለኝም፤ ከባዱ ነገር ሰዎች እንዴት እንደሚጠይቁ ማወቁ ነው። ለዚህ ደግሞ መሣሪያው አይረዳም።

ስለዚህ ልጅቷን የክሊኒኩ ስልክ አጠገብ አስቀመጥኳት። ቢሮ ተቀምጦ ኪወርድ ማሰብ የማልወደው ለዚህ ነው። ሐኪሙ ርዕሱ ላይ «ካታራክት» እንዲጻፍለት ይፈልግ ነበር፤ ደዋዩ «የአይን ሞራ» ነው የሚለው። ሐኪሙ «የማየት ችሎታ መቀነስ» ይላል፤ ደዋዩ «ማታ ማታ መኪና ስነዳ መብራቱ ይበተንብኛል» ይላል። አንዷ እናት «አሸዋ ያለበት ይመስለኛል» ብለው ሕመማቸውን አስረዱ፤ ሐኪሙ ልጅቷ የመዘገበችውን ሲያነብ ለካስ የዓይን ድርቀት ካለበት ሰው በየቀኑ የሚሰማው አገላለጽ ነው፤ ድረ ገጹ ላይ ግን አንድም ቦታ አልነበረም። አድራሻውም እንዲሁ። ካርታው የመንገድ ቁጥር ይጠይቃል፤ የእኛ ሰው «22 ማዞሪያ ሳይደርስ» ነው የሚለው፤ ያንንም አንዱ በቁጥር፣ አንዱ «ሃያ ሁለት» ብሎ ለያይቶ፣ አንዱ አያይዞ ይጽፈዋል። ፊት ለፊት ያለው ባንክ፣ ጀርባ ያለው ቤተ ክርስቲያን፣ አጠገቡ ያለው ካፌ ካልተጻፈ አድራሻ ተጻፈ አይባልም።

ይህ የፊደል ግትርነት ከየት እንደመጣብኝ አውቃለሁ። ወደዚህ ሙያ ከመግባቴ በፊት ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ። አለቃችን መሪጌታ ነበሩ፤ የኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት፣ የ1948 ዓ.ም. ኅትመቱ፣ ከጠረጴዛቸው አይነሳም። ፀሐይ ስትወጣ «ሠረቀ»፣ ሌባ ሲወስድ «ሰረቀ»፤ ይቅር ሲል «መሐረ»፣ ሲያስተምር «መሀረ»። ለአንድ ሠ ሲሉ ሙሉ ፎርም የሚመልሱ ሰው ነበሩ፤ ቀይ እስክሪብቶ አንድ ገጽ ላይ ሲያልቅባቸው አይቻለሁ። ከእሳቸው የተማርኩት ፊደሉን አንድ በአንድ ማየትን ነው። ያ ዓይን አሁንም አልለቀቀኝም፤ የተለወጠው የሚሰበስበው ነገር ነው።

መሪጌታ ጡረታ ከወጡ በኋላ እኛ ጋ ሲታተም የኖረ አንድ መጽሔት የቆዩ እትሞቹን ድረ ገጽ ላይ አውጥቶ «ማንም አያገኘንም» ብሎ መጣ። ገጾቹን ከፈትኳቸው፤ በአማርኛ የተጻፉ ይመስላሉ። ጽሑፉን ኮፒ አድርጌ ሌላ ቦታ ስለጥፈው ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆነ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ማተሚያ ቤቶች ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት በቆዩት ፎንቶች ነው የሠሩት። እነዚያ ፎንቶች በላቲኑ ኮድ ላይ የአማርኛ መልክ የሚያለብሱ ናቸው፤ ፎንቱ ያለው ሰው ያነባል፣ ማሽኑ ከሥር ያለውን ዝባዝንኬ ብቻ ያያል። መሪጌታ ሠ እና ሰን እየለዩ ያረሙት ያ ሁሉ ድርሰት፣ ግጥምና ሙግት ለመፈለጊያው አማርኛ አልነበረም። እየቀየርን፣ የተሳሳተውን እየለቀምን፣ በሁለት ነጥብ ድርድር የቆመውን ሁሉ ወደ እውነተኛ አራት ነጥብ እየመለስን ብዙ ደከምን። ከዚያ ጥያቄዎች መምጣት ጀመሩ። ሰዎች የሟች አባታቸውን ስም ጽፈው መጣጥፉን ያገኙ ነበር። ማረም ትቼ ወደዚህ የመጣሁት በዚያ ሰሞን ነው።

የሚያናድደኝ ታዲያ ያንኑ ጥፋት አሁን ወደን መድገማችን ነው። የክሊኒኩ የሥራ ሰዓት ፎቶ ውስጥ፣ የትምህርት ቤቱ የምዝገባ ቀን ፎቶ ውስጥ፣ የሠርግ አዳራሹ ዋጋ ፎቶ ውስጥ! ፖስተሩ ተሠርቶ ቴሌግራም ቻናሉ ላይ ይለጠፋል፤ ሁለት ቀን ይታይና ይወርዳል። በጥር የሚያገባ ሰው አዳራሽ መፈለግ የሚጀምረው በጥር አይደለም። ያን ሁሉ ወር ዋጋው በፊደል ተጽፎ የሚጠብቀው ገጽ የለም። ደንበኞቼ ፖስተር ሲልኩልኝ «በዚህ ላይ ያለውን ቃል በሙሉ በጽሑፍ ላኩልኝ» የሚል መልስ በተዘጋጀ መልእክት አስቀምጫለሁ።

በገጽ አድራሻ ግን በአማርኛ አልጸናም። አንድ የእኛ ፊደል ሊንኩ ኮፒ ሲደረግ ብዙ ጊዜ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፤ «የዓይን» ብቻ 36። በስልክ ለጓደኛው የሚልክ ሰው ያን ሰንሰለት አይቶ ቫይረስ ነው ብሎ ይተወዋል። አጭር ላቲን ይበቃል።

ጠዋት ጠዋት ሰርች ኮንሶሉን ስከፍት የአገሮቹን ሰንጠረዥ አየዋለሁ። ከኢትዮጵያ ቀጥሎ አሜሪካ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ። ሪያድ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ «ለእናቴ የአይን ሞራ ኦፕሬሽን ዋጋ አዲስ አበባ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ገንዘቡን ራሱ ይልካል፤ ታካሚዋ እዚህ ናቸው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ላይ ዓ አላይም። አ ብቻ ነው።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ትልቅ ሰው ሆና። ማተሚያ ቤት ሳለሁ ከአገር ቤት ትጽፍልኝ ነበር። አንድ ሀ፣ አንድ አ፣ አንድ ሰ ነበራት፤ በእነዚያ ሁሉን ነገር ትለዋለች፤ ማን ታሞ ማን እንደዳነ፣ ላሟ መቼ እንደወለደች፣ ለምን እንደማልመጣ። ቀኑን ሙሉ የሌላውን ሰው ፊደል ሳቀላ ውዬ ማታ የእሷን ደብዳቤ ሳነብ እስክሪብቶ አንስቼ አላውቅም። አሁን «ሀኪም» ብሎ የሚጽፈው ሰው ሁሉ ያንን እጅ ያስታውሰኛል። ለዚህም ይሆናል ከወዳጄ ጋር መስማማት ያቃተኝ፤ እሱ እያንዳንዱን አጻጻፍ በረድፍ የሚመዘገብ የፍለጋ ቃል አድርጎ ነው የሚያየው። ለእኔ ጠያቂ ነው፤ መልሱን አንድ ቦታ፣ ሙሉ ሆኖ ማግኘት ያለበት።

ስለዚህ ለልጅቷ የሰጠኋት መልስ፦ ርዕሱ ላይ «የአይን ሀኪም»፣ የክሊኒኩ ስም ላይ ባለቤቱ እንዳለው «ዐይን»፣ የታካሚው ጥያቄ እንደ ታካሚው፣ የሐኪሙ መልስ በመዝገበ ቃላቱ። ታካሚዎቹ የጻፉትን እንዳታርም አስጠንቅቄያታለሁ።

አሁን ደግሞ የክሊኒኩ ባለቤት አዲስ ሐሳብ ይዞ መጥቷል። ውጭ አገር ያሉት ልጆች አማርኛውን በላቲን ፊደል ስለሚጽፉ ለእነሱም እንዲታሰብ ይፈልጋል። ልክ ነው፤ ይጽፋሉ። ላቲኑ ግን የ«ሐኪም»ን ኬ አንዴ በሲ፣ አንዴ በኪው፣ አንዴ በድርብ እያደረገ ሌላ 24 ይወልዳል። ወዳጄ ወሬውን ሰምቶ ዋጋ አቅርቧል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ። ሐሙስ ስብሰባ አለን። የእኔ ሐሳብ እንደ ዱሮው ነው፤ አንድ ገጽ፣ ዋጋውም የአንድ ገጽ።