ድራም ያለ ክንድ

የስዊድኑ ሜሹጋ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው «ካች ሰርቲስሪ» በ13 ክፍል የተሸነሸነ፣ 47 ደቂቃ ያህል የሚዘልቅ አንድ ወጥ ድርሰት ነው። ድራሙን ግን ሰው እየተጫወተ አልተቀረጸም፤ የባንዱ ድራም መቺ ቶማስ ሃኬ ያስቀረጻቸው ነጠላ ምቶች በኮምፒውተር ተደርድረዋል። ይህን ማጭበርበር የሚለው ቢኖር አልስማማም። የሚያጭበረብር ማሽኑን ይሸሽጋል፤ እነዚህ ሰዎች ግን የማሽኑን ቅዝቃዜ የሙዚቃው ጠባይ አድርገውታል። ጊታሮቹ ዝቅ ባለ ቃና እየተመላለሱ ሲያስጨንቁ፣ የማይዝለው ምት ጭንቀቱን ማምለጫ ያሳጣዋል። ሆኖም ዋጋ ተከፍሎበታል፦ ክንድ የማይዝልበት ሙዚቃ የምንሰጋለትን ሰው ይነሳናል። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው «ኦብዜን» ሃኬ ራሱ ወደ ድራሙ ተመልሷል፤ «ብሊድ» በተባለው ሥራ የእግሮቹን ሩጫ ሳዳምጥ «ይደክም ይሆን?» እላለሁ። እንደ እኔ ግምት፣ ኮምፒውተሩ ሊሰጠን ያልቻለው ይህንኑ ጥያቄ ነው።