ከፋርማሲው መስኮት ወዲያ

እዚህ እኛ ከተማ ሉማሜ ላይም ሆነ ሌላ ቦታ ሐኪሙ ማዘዣውን ጽፎ ሲሰጥ ሕክምናው አላለቀም፤ መድኃኒቱ በትክክል መወሰዱ የሚወሰነው በፋርማሲው መስኮት ላይ ነው። “እስኪ እማማ፣ አሁን የነገርኩዎትን መልሰው ይንገሩኝ፤ ይህን መቼ ነው የሚውጡት?” ወረፋው ረዝሞም ቢሆን ይህችን ጥያቄ የማያልፍ ፋርማሲስት እጅግ አከብራለሁ። በሁዳዴ ሥራው ይከብዳል። የስኳር ሕመምተኛዋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ትውላለች፣ ሜትፎርሚን ደግሞ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ነው። ጎበዝ ባለሙያ ጾሟን አያቃልልባትም፤ የምትበላበትን ሰዓት ጠይቆ፣ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ አወሳሰዱን ያስተካክልላታል።

ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ልፋት ግን ብዙ ሰው አያየውም። ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት የሚባለው አሠራር በአገራችን መጀመሪያ የተሞከረው እዚሁ ጎረቤት፣ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው፤ ከዚያ ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፋ። እያንዳንዱ መድኃኒት ሲገባም ሲወጣም ከነዋጋው ይመዘገባል። ብዙ ገንዘብ የሚወስደው የትኛው፣ ሕይወት አድን የሆነው የትኛው እንደሆነ ይለያል፤ የአገልግሎት ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበው ቀድሞ ይወጣል። ደረቅ ሒሳብ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መድኃኒቱ ከመደርደሪያው ከጠፋ፣ የጤና መድን መዋጮውን የከፈለው ገበሬ ከግል ፋርማሲ ከኪሱ እንደገና ይገዛል፤ ካልቻለም ባዶ እጁን ወደ ቀዬው ይመለሳል። ይህ እንዳይሆን አምሽተው ቢን ካርድ (የመድኃኒት ክምችት መመዝገቢያ ካርድ) የሚያመሳክሩትን ሁሉ እጃቸው ይባረክ እላለሁ።